ለማን ብዬ ልከተብ? ክትባትና መተማመን በጣና ዙሪያ ታሪክ

 

የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ተማሪ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ነገሩ የሆነው በ2013 ዓ.ም. የኮቪድ 19 ክትባት ወደ አገራችን በገባበት ወቅት ነበር። ትምህርት ጨርሰን ከክፍል ስንወጣ የክትባቱ ወሬ ተነሣ። ከጎበዝ ተማሪዎቼ አንዱ፣ «ዶክተር፣ እኔ ወጣት ነኝ፤ ጤነኛም ነኝ፤ ለማን ብዬ ነው የምከተበው?» አለኝ። እኔም በችኮላ «ለራስህ ብለህ ነዋ» ብዬ መለስኩለት። በትሕትና ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳላመነበት ግን ከፊቱ ይነበብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ጥያቄው ከመልሴ የበለጠ መሆኑን ተረድቻለሁ። «ለማን ብዬ» የሚለው አነጋገር በአማርኛችን ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው «ይህን አድርግ የሚለኝ ማን ነው? የእኔን ጥቅም ፈልጎ ነው ወይስ የራሱን?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የእኔ መከተብ የሚጠቅመው ማንን ነው?» የሚል ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በዚህ አካባቢ አዲስ አለመሆናቸውን፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን አስቀድመው እንደጠየቋቸው፣ መልሱም ከታሪካችን ሊገኝ እንደሚችል ነው። ዘመኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ሌላ ሲሆን «እ.ኤ.አ.» እላለሁ።

ክታብና ክትባት

ከቃሉ ልጀምር። «ከተበ» በግእዝ ጻፈ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር «ክታብ» የሚለውን ቃል እናገኛለን፤ በብራና ላይ ተጽፎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ፣ በአንገት ወይም በክንድ የሚታሰረው መከላከያ ማለት ነው። «ክትባት»ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። አንደኛው በብራና ላይ ይጻፋል፤ ሁለተኛው በክንድ ላይ ይጫራል። ክታብ የሕክምና ማስረጃ የለውም፤ ክትባት አለው፤ በዚህ ላይ ብዥታ እንዲኖር አልሻም። ነገር ግን ቃሉ አንድ ታሪካዊ እውነት ይነግረናል። በሽታ ከመምጣቱ በፊት በጤነኛ ሰው አካል ላይ አንድ ነገር ማድረግ ተገቢ ነው የሚለው አሳብ ወደዚህ አገር በነጭ ጋዋን ተሸፍኖ የመጣ እንግዳ አልነበረም። ሕዝቡ ቃልም፣ ልማድም ነበረው።

የዚህ ልማድ ዋና አስተማሪ ፈንጣጣ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ በቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ውስጥ ገብቶ ነበር። የታመሙት የወይዘሮ አስቴርና የሌሎች መኳንንት ልጆች በተዘጋ ክፍል ተኝተው አገኛቸው። እርሱም በርና መስኮቱ እንዲከፈት፣ ቤቱ በዕጣንና በከርቤ እንዲታጠን፣ በሙቅ ውኃና በሆምጣጤም እንዲታጠብ አዘዘ። በቤተ መንግሥቱ ዘንድ መታመንን ያገኘውም በዚሁ ነበር። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ እንበል። ፈንጣጣ የንጉሥን ደጅ ከድሀ ደጅ አይለይም ነበር። ሐኪም የሚታመነውም በማዕረጉ ሳይሆን በችግር ቀን ከታማሚው አጠገብ በመገኘቱ ነበር።

ከብሩስ በኋላ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው ናትናኤል ፒርስ በአገሩ ሰው እጅ የሚደረግ የፈንጣጣ ክትባት ማየቱን ጽፏል። አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። ፈንጣጣው ከቀለለለት ሰው ቁስል ፈሳሽ ወይም ቅርፊት ይወሰዳል፤ የጤነኛው ሰው ክንድ ይጫርና በጭረቱ ላይ ይደረጋል፤ ከማር ጋር የሚለውሱትም ነበሩ። ተከታቢው ብዙውን ጊዜ በቀላሉ ታሞ ይድናል፤ ከዚያ በኋላ ፈንጣጣ ዳግመኛ አይዘውም። ይህ ጥበብ በእስያም፣ በቱርክም፣ በሌሎች የአፍሪካ ክፍሎችም ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1721 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ይህን አሠራር ለነጮቹ ካስተዋወቁት መካከል ኦኔሲመስ የተባለ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰደ ሰው ይገኝበታል። ስለዚህ «አፍሪካዊ ክትባትን የሚሸሸው ስለማያውቀው ነው» የሚለው አባባል ከታሪክ ጋር አይስማማም።

ነባሩ ክትባት ግን አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት። በተከታቢው ክንድ ላይ የሚደረገው እውነተኛው የፈንጣጣ ተሐዋሲ ነው። ተከታቢው ራሱ ቢድንም ላልተከተበ ጎረቤቱ በሽታውን ያስተላልፋል። አንዱ ቤት ሲጠበቅ ሌላው ቤት ይቃጠላል እንደ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 የደረሰበት ግኝት ይህን ጉድለት አስወገደ። እርሱ የተጠቀመው ገር የሆነውን የላም ፈንጣጣ ስለነበረ የተከተበ ሰው ፈንጣጣን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። በሁለቱ ክትባቶች መካከል ያለው ልዩነት፣ «የእኔ መከተብ የሚጠቅመው ማንን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ነው። ነባሩ ተከታቢውን ብቻ ይጠብቃል፤ አዲሱ ተከታቢውንም ጎረቤቱንም ይጠብቃል። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ጎጃም፣ ከ1960 እስከ 1968

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ «ተከተብ የሚለኝ ማን ነው?» ወደሚለው ልሻገር። ዘመናዊው የጤና አገልግሎት በጣና ዙሪያ ሥር መስደድ የጀመረው በችግር ቀን ነው። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። ብዙም ሳይቆይ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። በዚያም የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ወደ ገጠሩ እየወጡ ተማሩ። መንግሥት ሊያክም ሲመጣ ሕዝቡ ያየበት አንዱ መልክ ይህ ነበር።

ሌላም መልክ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ አዋጁን የተመለከተው በርስቱ ዓይን ነው። መሬቱ ከተገመተና ከተመዘገበ ርስቱ ያበቃለታል ብሎ ሰጋ። በሞጣ፣ በቢቸና እና በሌሎችም አውራጃዎች ገማቾችን አላስገባም ብሎ በመሣሪያ ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ተጠቀመ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፤ ግብሩም በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በጥር 1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ ተጀመረ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ዘመቻውን የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ያካሄደው ሲሆን፣ የእግሩን ሥራ የሠሩት በአብዛኛው ወጣቶች ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያን ሳኒታሪያኖችና ድሬሰሮች፣ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት፣ የኦስትሪያና የጃፓን በጎ ፈቃደኞች። በእጃቸው የያዙት ሙቀት የሚቋቋም ደረቅ ክትባትና ጫፉ እንደ ሹካ በሁለት የተሰነጠቀ ቀላል መርፌ ነበር። በደጋው አገር፣ በተለይም በጎጃም፣ ብርቱ እምቢታ ገጠማቸው።

እምቢታው ከምን መጣ? ሦስት ምክንያት አያለሁ። የመጀመሪያው የበሽታው ጠባይ ነው። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ የነበረው ቀላሉ የፈንጣጣ ዓይነት ነበር። ከባዱ ዓይነት ከያዛቸው ሰዎች ከመቶ ሠላሳ ያህሉን ሲገድል፣ ይህኛው የሚገድለው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነበር። የማያስፈራ በሽታ ክትባቱን ከንቱ ድካም ያስመስለዋል። ሁለተኛው፣ ሕዝቡ የራሱ ክትባት ነበረው፤ በሚያውቀው ሰው እጅ የሚደረግ፣ ውጤቱንም በዓይኑ ያየው። ሦስተኛው የመጪው ማንነት ነው። በ1960 ዓ.ም. ከከተማ የመጣው መሬት ገማች ነበር፤ በ1963 ዓ.ም. የመጣው ከታቢ ነው። ሁለቱም የመንግሥት ደብዳቤ ይዘዋል፤ ሁለቱም በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ ይቆጥራሉ። ከደጃፉ የቆመው ገበሬ ሁለቱን በምን ይለያቸው? ይህ ሦስተኛው ምክንያት የእኔ ንባብ ነው፤ ባልደረቦቼ ሊሞግቱት ይችላሉ። እኔ ግን የ1960ውን አመፅ ሳያነሡ የ1963ቱን እምቢታ በ«ድንቁርና» ማስረዳት ታሪክን ከመሐሉ ቆርጦ ማንበብ ይመስለኛል።

ታዲያ እንዴት ተሳካ? ሕዝቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመከተብ ከመሮጥ ይልቅ በሽተኛውን ፈልጎ ማግኘትና በዙሪያው ያሉትን መከተብ ዋናው ስልት ሆነ። ለዚህ ደግሞ የአካባቢውን ሰው ዓይን ይፈልጋል። ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ እየታየ «እንዲህ ያለ ሕመም አይታችኋል?» ተብሎ ተጠየቀ። የአካባቢ ተወላጆች ተቀጠሩ፤ የአገር ሽማግሌዎች ተለመኑ። ከታቢው ከትእዛዝ ወደ ልመና፣ ከቆጠራ ወደ ጥያቄ ዞረ። በመካከሉ አብዮት ፈነዳ፤ በየቦታው ውጊያ ተነሣ፤ ከሠራተኞቹ የታገቱም ነበሩ። ሥራው ግን አልቆመም። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር ዲሞ በተባለ መንደር የ3 ዓመት ሕፃን ልጅ የመጨረሻዋ የኢትዮጵያ ፈንጣጣ ታማሚ ሆና ተመዘገበች። ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗም በ1972 ዓ.ም. ታወጀ።

ጠባሳ የሌለው ትውልድ

በዚያው በ1972 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት ፕሮግራሟን ጀመረች። ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አነዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የልጅነት ልምሻና ኩፍኝ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዒላማዎች ነበሩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ሥራው በየቀበሌው ለሚኖሩ ሴት ሠራተኞች ተሰጠ። ወደ ደቅ ደሴት ክትባት የሚሄደው በጀልባ ነው። በበረዶ በተሞላ ሳጥን ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ ሞተር ቢበላሽ ወይም ማዕበል ቢነሣ የአንድ ቀን ሥራ ይበላሻል። ይህ ሁሉ ድካም ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁትን ተማሪዎች አሳድጓል። ጎልማሳነቴን ታዩታላችሁና፣ በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች ፊታቸው በፈንጣጣ የተቦረቦረ ጎረቤቶችን እያየን ነው ያደግነው። እናንተ አላያችሁም። ክትባት ሲሳካ የተሳካበትን ማስረጃ አብሮ ያጠፋል፤ በሽታው ሲጠፋ ፍርሃቱም ይጠፋል፤ የሚቀረው የመርፌው ሕመም ብቻ ነው። የ1963ቱ ገበሬ በሽታውን ያልፈራው ስለቀለለለት ነበር፤ የዛሬው ወጣት የማይፈራው ስላላየው ነው።

ሆኖም ወጣቱ ሁልጊዜ እምቢ አላለም። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በአገሪቱ የማጅራት ገትር ክትባት ዘመቻ ሲካሄድ ዒላማው ከ1 እስከ 29 ዓመት ያለው ሰው ሁሉ ነበር፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በዚያ ጊዜ ሕፃናት ሆናችሁ ተከትባችኋል፤ ታላላቆቻችሁም ተሰልፈዋል። ማጅራት ገትርን ሕዝቡ ያውቀዋል፤ በበጋ እንደሚመጣ፣ ወጣቱንም እንደሚገድል ያውቃል። በሽታው የሚታወቅና ጠሪው ግልጽ ሲሆን ክርክሩ ያን ያህል አይከርም።

ኮቪድ ግን ሌላ ነበር። ክትባቱ መሰጠት የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ታማሚ በኢትዮጵያ ከተገኘ ልክ ዓመት ሲሞላ ነው። ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኔካ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። መጋቢት 6 ቀን ግን ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ይህንኑ ክትባት ከደም መርጋት ሥጋት የተነሣ ለጊዜው አቆሙ። ተማሪዎቼ ይህን ዜና ከእኔ ቀድመው በስልካቸው አንብበዋል። መጋቢት 9 ቀን የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት የክትባቱ ጥቅም ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ገለጸ፤ እጅግ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ የሚታይ የደም መርጋት እንዳለም በኋላ አረጋገጠ። ያን ሁለተኛ ዜና ግን እንደ መጀመሪያው በትኩረት ያነበበው ጥቂት ነው። በዚያው ወር ህንድ ክትባት ወደ ውጭ መላክን ስለገደበች ሁለተኛው ዶዝ ዘገየ። ወራት አለፉና በ2014 ዓ.ም. ዘመቻው 12 ዓመት የሞላውን ሁሉ ጠራ። መጀመሪያ «ይህ በሽታ የሚብሰው በአረጋውያን ላይ ነው» የተባለው ወጣት አሁን «ናና ተከተብ» ሲባል «ለማን ብዬ?» ቢል ያስደንቃልን? ያን ጊዜ ክልላችን በጦርነት ውስጥ ነበር፤ የመንግሥት ቃል ሁሉ በጦርነት ጆሮ ነበር የሚሰማው።

ሌላው ምሳሌ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት ነው። በ2011 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 14 ለሆኑ ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ መሰጠት ተጀመረ። የዚያን ጊዜዎቹ ልጃገረዶች ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሚሆኑበት ዕድሜ ላይ ናቸው፤ አንዳንዶቻችሁም እዚህ ተቀምጣችኋል። በሽታው በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚከሠቱት ካንሰሮች ሁለተኛው ነው። ክትባቱ የሚከላከላቸው 16 እና 18 የተባሉት የቫይረሱ ዓይነቶች ብቻ ከሕመሙ 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። ሆኖም «ለምን ለሴቶች ብቻ? ለምን ለ14 ዓመት ብቻ? ሊያመክኑን ነው እንዴ?» የሚል ወሬ ተነሣ። ጥያቄው መልስ ነበረው። ክትባቱ ከ9 ዓመት ጀምሮ መሰጠት ይችል ነበር፤ በዓለም ላይ ስላነሰ ግን የተገኘው ለአንድ ዕድሜ እንዲሆን ተወሰነ። እጥረት ነው ብሎ መናገር የሚያሳፍር አልነበረም። ያልተነገረውን ቦታ ወሬ ሞላው። ተመሳሳይ ነገር እ.ኤ.አ. በ2014 በጎረቤት ኬንያ ታይቷል፤ በዚያ የካቶሊክ ጳጳሳት ለሴቶች የሚሰጠውን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያመክናል ብለው ተቃውመው ነበር። የጤና ባለሥልጣናትም የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አስተባብለዋል፤ የተጠራጣሪዎቹ ልብ ግን በመግለጫ ብቻ አልተመለሰም።

ሁለቱ መልሶች

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? በአንድ በኩል «ወጣቱ አላዋቂ ነው፤ በወሬ ይነዳል» የሚሉ አሉ። ታሪኩ ይህን አይደግፍም፤ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ አላዋቂ አይደለም። በሌላ በኩል እምቢታን ሁሉ እንደ ጀግንነት የሚያዩ አሉ፤ «አያቶቻችን ለመንግሥት እጅ አልሰጡም» ይላሉ። ይህንንም አልቀበለውም። የጎጃም ገበሬ ከታቢውን በጥርጣሬ ማየቱ ምክንያት ነበረው፤ የጥርጣሬው ዋጋ ግን በመንግሥት ላይ አልወደቀም። የወደቀው በየቤቱ ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። ከመቶ አንድ ወይም ሁለት የሚሞተው የማን ልጅ እንደነበር አስቡ። እምቢታው ሊገባን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ይመዘንበት።

«ተከተብ የሚለኝ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለብን እኛ ነን፤ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የመንግሥት ሹሞች። እውነቱን፣ የጎንዮሽ ጉዳቱንም እጥረቱንም ጨምረን፣ ከወሬው ቀድመን መናገር አለብን። ስማችን በሚታወቅበት፣ ፊታችን በሚለይበት ሰፈር ቆመን መናገር አለብን። በ1963 ዓ.ም. ትእዛዝ ያልከፈተውን በር በ1960ዎቹ መጨረሻ ልመናና ትውውቅ ከፍቶታል። በወጣት ላይ የዱቤ እምነት መጠየቅ አንችልም።

«የእኔ መከተብ የሚጠቅመው ማንን ነው?» ለሚለው ግን መልሱ የእናንተ ነው። በነባሩ ክትባት አንድ ሰው ራሱን ብቻ ይጠብቅ ነበር፤ ጎረቤቱም በእርሱ ምክንያት ሊታመም ይችል ነበር። በዛሬው ሕይወታችን እናንተ ከገጠር መጥታችሁ በአንድ ዶርም ስድስትና ስምንት ሆናችሁ ታድራላችሁ፤ በበዓል ወደ እናት አባታችሁ፣ ወደ ታናሽ ወንድምና እህቶቻችሁ ትመለሳላችሁ። ባለፉት ዓመታት ኩፍኝ በአገራችን ተመልሶ ብዙ ሕፃናትን ሲጎዳ አይተናል። ክትባት ሁሉ በአንድ መጠን መተላለፍን አያግድም፤ የኮቪዱ ክትባት በዋናነት የጠበቀው ተከታቢውን ከከባድ ሕመም ነው። የኩፍኝና የፈንጣጣ ዓይነቶቹ ግን ጎረቤትንም ይጠብቃሉ። ለየትኛው ክትባት የትኛው መልስ እንደሚሠራ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ለይቶ መጠየቅ የተማረ ሰው ግዴታ ነውና።

ያ ተማሪዬ ተመርቆ ሄዷል። ዛሬ ባገኘው «ለራስህ ብለህ» ብዬ አላሳልፈውም። ጥያቄህ ትክክል ነበር፤ የጎጃም ገበሬም ጠይቆታል እለዋለሁ። ቀጥዬ በቁስቋም ክፍሉ ተዘግቶባቸው ስለነበሩት ሕፃናት፣ በዲሞ መንደር ስለታመመችው የመጨረሻዋ ልጅ እነግረዋለሁ። እነርሱም «ለማን ብዬ» ከሚለው ጥያቄ ውስጥ አሉበት፤ በዚያ ቀን እኔም እርሱም አላነሣናቸውም።

 አሁን ጥያቄና ሙግታችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።